ቤቱ ወዴት ያያል?

የአገሩን ስም አትጠይቁኝ። ስም ብሰጠው የሚቀየም አይጠፋም፤ ስም ካላወጣሁለት ግን ሁሉም የጎረቤቱ አገር እየመሰለው በሰላም ያዳምጠኛል። በሁለት ተራራ መካከል የተኛ፣ ገብስና ባቄላ የሚያበቅል አገር ነበር ብል ይበቃል። ቤቶቹ የድንጋይ ሆነው ደርብ ነበራቸው። በሩ ከታች ነው፤ ከላይ በምሥራቅና በምዕራብ ጎን አንዳንድ መስኮት አለ። በሩን ሰው ሁሉ እንደተመቸው ያወጣው ነበር። አንዱ ወደ መንገዱ፣ አንዱ ወደ ማሳው፣ ሌላው ንፋስ ወደማይመታው ጎን። «በርህ ለምን ወደዚያ ዞረ?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው በዚያ አገር አልነበረም።

የወይዘሮ ይርገዱ በር የሚያየው ወደ ደቡብ፣ ወደ ምንጩ ነበር። ሟቹ ባላቸው ቤቱን ሲሠራ እሳቸው አዲስ ሙሽራ ነበሩና፣ እንስራ አዝለው ሲመለሱ ቤቱን መዞር እንዳይኖርባቸው ብሎ ነው በዚያ በኩል ያወጣው። ሌላ ምክንያት አልነበረውም።

አንድ ዓመት ክረምቱ ዘገየ። ዝናብ ሲዘገይ ገበሬ ሥራ ይፈታል፤ ገበሬ ሥራ ሲፈታ ሹሙም ሥራ ይፈታል፤ ሥራ የፈታ ሹም ደግሞ ጥያቄ ይፈጥራል። በገዥው ግቢ ተሰብስበው ሲያወጉ፣ ሰው ጧት ከቤቱ ሲወጣ ፊቱን ወዴት አድርጎ ቢወጣ ነው ለአገር የሚበጀው የሚል ነገር ተነሣ። ግማሾቹ ወደ ምሥራቅ አሉ፤ ብርሃን የሚወጣው ከዚያ ነውና። ግማሾቹ ወደ ምዕራብ አሉ፤ ዝናብ የሚመጣው ከዚያ ነውና። ነገሩ ከግቢ ወደ ገበያ ወረደ፤ ከገበያ በየቤቱ ገባ። ወዲያው ሰው ሁሉ «ፀሐይ» እና «ዝናብ» ተባብሎ ተከፈለ።

ገዥው ሁለቱንም ወገን ይፈራ ስለነበር አልፈረደም። እንዲህ የሚል አዋጅ አስነገረ እንጂ፦ እያንዳንዱ ቤት ተማክሮ በአንድ ቃል ምሥራቅ ወይም ምዕራብ ይበል፤ በሩንም ወደዚያው ያዙር። ያልተስማማ ቤት እስኪስማማ ድረስ በሩ ይደፈን። ጥሎ የወጣ ልጅ ቃሉን ለቀረው እንደሰጠ ይቆጠራል። ስለ ደቡብና ስለ ሰሜን አዋጁ ምንም አላለም። በእነዚያ በኩል የሚወጣ ሰው ያለ አልመሰላቸውም።

ለዚህ ሥራ የደጃፍ ሹም ተሾመ። አዛዥ ጥላዬ ይባላል፤ ወፍራም፣ ትሑት፣ ቶሎ የሚደክመው ሰው ነበር። ሦስት ሰዎች ይከተሉታል። አንኳኪው በር ያንኳኳል። ሰሚው ጆሮውን ግድግዳው ላይ ለጥፎ ከውስጥ የሚመጣውን ቃል ያዳምጣል። ምስክሩ ደግሞ እንዳያዳላ ጀርባውን ሰጥቶ ይቀመጣል፤ ምንም ሳያይ የሆነውን ሁሉ ይመሰክራል። በዚያ አገር ይህ አያስቅም ነበር፤ ሰው ቶሎ ይለምዳል።

ወይዘሮ ይርገዱ ሦስት ልጆች ነበሯቸው። ታላቁ ደምለው ገበሬ ነው፤ ነገር አያበዛም፣ አንዴ የያዘውንም አይለቅም። መካከለኛዋ አትጠገብ ከሸንተረሩ ማዶ ተድራለች። ታናሹ ሽባባው ፊደል ቆጥሮ በዳኛ ግቢ ጸሐፊ ሆኗል። አባታቸው ሲሞት ሽባባው ገና ልጅ ስለነበር ያሳደገው ደምለው ነው። ወንዝ ሲሞላ በትከሻው ያሻግረው፣ የተማሪ ቤት ስንቁን ይሸከምለት ነበር። ሽባባው ካደገ በኋላም ወንድሙን በስሙ ጠርቶት አያውቅም፤ «ጋሼ» ነበር የሚለው።

መጀመሪያ ላይ ነገሩ ጨዋታ ነበር። ገበታ ላይ ሲቀመጡ ደምለው፣ ያበላን ዝናብ ነው፤ ፀሐይማ ድርቅ በመጣ ቁጥር መጥታ ስትስቅብን አይተናታል ይላል። ሽባባው፣ በጨለማ የሚበቅለው እንጉዳይ ብቻ ነው ብሎ ይመልሳል። እናታቸውም ይስቃሉ። በኋላ ግን ሳቁ እያጠረ ሄደ።

ጠቡን ጠብ ያደረገው ግን ክርክሩ አይደለም። አንድ የገበያ ቀን የዝናብ ወገን ጎረምሶች ሽባባውን ከበው ደበደቡት፤ የፊት ጥርሱን አወለቁት። ወሬው ማሳ ድረስ ሲደርስ ደምለው ሞፈር ይዞ ነበር። ቀና ብሎ፣ «እዚያ ምን ይሠራ ነበር?» አለ። ያለው ይህን ብቻ ነው። ማታውን አፉ ያበጠውን ወንድሙን አይቶ እንባው እንደመጣ፣ ፊቱንም አዙሮ እንደጠረገ እናቱ አይተዋል። ሽባባው ግን እንባውን አላየም፤ ቃሉን ነው የሰማው። ቃል ደግሞ ከማሳ እስከ ቤት በሰው አፍ ሲመጣ እየከበደ ይመጣል።

መኸር ሲደርስ የፀሐይ ወገኖች በተራቸው ወደ አውድማው መጥተው የደምለውን ክምር አቃጠሉት። የዓመት ልፋቱ አመድ ሆነ። ደምለው ጥላሸት እንደለበሰ ቤት ገብቶ የሆነውን ለእናቱ ተናገረ። ሽባባው ገበታ ላይ ነበር። ቀና አላለም። የቀረበለትን በልቶ ጨረሰና እጁን ታጠበ።

ከዚያ ቀን ወዲህ «ጋሼ» የሚለው ቃል ከዚያ ቤት ጠፋ። አንዱ ሌላውን «ያ ሰውዬ» ይለው ጀመር።

አዛዥ ጥላዬና ሰዎቹ የወይዘሮ ይርገዱ ቤት የደረሱት በዚያ ሰሞን ነው። ምስክሩ ጀርባውን ሰጥቶ ተቀመጠ፤ ሰሚው ጆሮውን ለጠፈ። አንኳኪው አንኳኩቶ በዜማ፣ «ቤቱ ወዴት ያያል?» ሲል ጠየቀ።

«ወደ ምዕራብ» አለ ደምለው ከውስጥ።

«ወደ ምሥራቅ» አለ ሽባባው።

ሰሚው ሁለት ድምፅ ሰማሁ አለ። ይህን ጊዜ ወይዘሮ ይርገዱ ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡና አዛዡን እጅ ነሡ። ጌታዬ ይህ ቤት ከተሠራ ጀምሮ የሚያየው ወደ ምንጩ ነው፤ አባታቸው ነው እንዲህ ያደረገው፤ እኔም ውኃ የምቀዳው ከዚያው ነው አሉ።

አዛዥ ጥላዬ በአክብሮት ጎንበስ አለ። «እማማ፣ እርስዎ አይጠየቁም» አላቸው። «በሕጋችን እናት ማለት ቤቱ ራሱ ነው። ቤት ደግሞ ስለ ራሱ አይመሰክርም።»

ወይዘሮ ይርገዱ ክብር ነው ወይስ ንቀት እንደሆነ ሊገባቸው አልቻለም፤ የአዛዡ ፊት የከፋ ሰው ፊት አልነበረም።

በሥርዓቱ መሠረት የሚደፈን በር ጭቃውን የሚያቦካው ባለቤቱ ነው። ስለዚህ ሁለቱ ወንድማማቾች ሱሪያቸውን ሰብስበው ጭድና አፈር እየረገጡ ጎን ለጎን አቦኩ። አንዱ ድንጋይ ያቀብላል፣ ሌላው ይደረድራል። አይነጋገሩም፤ ግን ከልጅነታቸው ጀምሮ አብረው የሠሩ ናቸውና እጃቸው ይግባባል። እናታቸው ከውስጥ ሆነው ብርሃኑ ከታች ወደ ላይ እየጠበበ ሲሄድ አዩ። ግድግዳው ያምር ነበር። በዚያ ሰፈር እንደዚያ ተባብሮ፣ እንደዚያ አሳምሮ በር የደፈነ የለም።

አዋጁ ስለ መስኮት ስላላነሣ፣ በሩ የተደፈነበት ሰው ሁሉ በመስኮት ይወጣና ይገባ ነበር። ደምለው በምዕራቡ መስኮት መሰላል አቆመ፤ ሽባባው በምሥራቁ። የደምለው ሚስት በመሰላል ትዳር አልገባሁም ብላ ወላጆቿ ዘንድ ሄደች። ወይዘሮ ይርገዱ ግን ጉልበታቸው ቀድሞም ደካማ ነበር፤ መሰላል ሊወርዱ አይችሉም። ውኃውም እንጨቱም ዱቄቱም በገመድ እየተጎተተ ይመጣላቸዋል። የሚያስቡት መሬትን ነበር፤ ጠል ያረሰውን መሬት በእግር መርገጥ።

ልጆቹ አይነጋገሩም፤ ነገር ግን አንድ ቀንበር፣ አንድ አህያ፣ አንድ ጣራ አላቸውና የሚባባሉት አያጡም። ስለዚህ እናታቸው በመካከል መልእክተኛ ሆኑ። ደምለው፣ ያ ሰውዬ አህያዋን ዳግመኛ ቢነካ እጁን እሰብረዋለሁ በይው ይላል። እሳቸው ወደ ምሥራቁ ጥግ ሄደው፣ ወንድምህ ነገ አህያዋን ይፈልጋታል ይላሉ። ሽባባው፣ አመድ አፋሹ ገበሬ ምን የሚጫን እህል አለው በይው ይላል። እሳቸው ወደ ምዕራቡ ጥግ ተመልሰው፣ እሺ ብሏል፤ ስለ እህልህም አዝኗል ይላሉ። መርዙን እያጠቡ፣ እሾሁን እየነቀሉ ያቀብላሉ። ሁለቱም እናታቸው እንደሚዋሹ ያውቁ ነበር፤ አንዳቸውም ግን ጠይቀዋቸው አያውቁም። ምናልባት ያንን ውሸት ይፈልጉት ኖሯል።

ጊዜው እየገፋ ሲሄድ ወይዘሮ ይርገዱ ደከሙ። ከጠቡ ይልቅ ያደከማቸው ያ የማጣፈጥ ሥራ ነው። አንድ ቀን ደምለው መናገር ሲጀምር እጃቸውን አንሥተው አስቆሙት። «ልጄ፣ ከእንግዲህ ጆሮ እንጂ አፍ የለኝም። ለእሱ ያለህን ለእሱ ንገረው» አሉት። ለሽባባውም ይህንኑ አሉት። ከዚያ ወዲያ በቤቱ ውስጥ ዝምታ ሆነ። ሽማግሌዎችም ለማስታረቅ መጥተው ነበር፤ ነገር ግን ፊታችንን ወዴት አዙረን እንቀመጥ በሚለው ሳይስማሙ የቆሙበት የዛፍ ጥላ ዞረና ተበተኑ።

እንዲህ እያሉ አትጠገብ አረገዘች። በዚያ አገር ወግ ሴት የመጀመሪያ ልጇን የምትወልደው እናቷ ቤት ነው። ከወንድሞቿ ጋር በመልእክተኛ ተላላከች። ደምለው፣ አይዞሽ እስከዚያ ያ ሰውዬ ልብ ይገዛል፣ በሩ ይከፈታል አላት። ሽባባውም ያንኑ ቃል ላከላት። ሁለቱም ከልባቸው ነበር። እሷም አምና፣ ወሯ ሲገባ ባሏ አላምረው በበቅሎ አስቀምጦ አመጣት።

ስትደርስ በሩ እንደተደፈነ ነው። ከበቅሎዋ ወርዳ መዳፏን ጭቃው ላይ አደረገች። ጭቃው ደርቆ እንደ ድንጋይ ጠንክሯል። እናቷ ከላይ ሆነው የበቅሎዋን ኮቴ ሰምተዋል፤ ነገር ግን በደቡብ በኩል መስኮት ስለሌለ አያዩአትም። ወለሉ ላይ ተንበርክከው ወደ ታች ይናገሯታል፤ እሷም ወደ ላይ ትመልሳለች። ምን በላሽ፣ መንገዱ እንዴት ነበር፣ ሆድሽ ወደ ታች ወርዷል ወይ ተባባሉ። መውጣት እንደማትችል፣ መውረድ እንደማይችሉ ሁለቱም ያውቁ ስለነበር ስለ እሱ አላወሩም።

መንገዱ አናውጧት ኖሮ ምጡ እዚያው በሩ ሥር ያዛት።

የሰፈሩ አዋላጅ እመት ሰገዱ ሮጣ መጣች። ጎረቤት ቤት እናስገባት ቢሉ፣ አንዱ ጎረቤት ዝናብ ነው፤ ሌላው ፀሐይ። ካልተስማማ ቤት የመጣች ሴት ከአንዱ ደጃፍ ከገባች ቤተሰቧ ለዚያ ወገን እንዳደረ ይቆጠራል። ደምለው በዚህ ትግባ ሲል ሽባባው አይሆንም አለ፤ ሽባባው በዚያ ሲል ደምለው አይሆንም አለ። እመት ሰገዱ ሁለቱንም ገላመጠቻቸውና ወደ ከብቶች በረት ይዛት ሄደች። ስለ በረት የተነገረ አዋጅ አልነበረም።

«እማዬ» የሚለው የአትጠገብ ድምፅ ደርቡ ድረስ ይሰማል። ወይዘሮ ይርገዱ ልጆቻቸውን ጠሩ። በር አልጠየቅሁም፤ ወደ መሬት አውርዱኝ ብቻ አሉ። እሳቸውን ለማውረድ ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ አንዱ ከላይ ብብታቸውን ይዞ፣ አንዱ ከታች መሰላሉን ደግፎ።

«በእኔ በኩል ትውረድ» አለ ደምለው።

«ለምን በእሱ በኩል? ነገ ቤቱ ምዕራብ አለ ሊሉ ነው?» አለ ሽባባው።

ወንድማማቾቹ በቀጥታ የተነጋገሩት ከስንት ጊዜ በኋላ ነው፤ የተነጋገሩትም ይህንን ነው። ደምለው ተቆጥቶ በመሰላሉ ወረደና ከታች ሆኖ፣ ነይ እማዬ እኔ እይዝሻለሁ እያለ ተጣራ። ሽባባውም በበኩሉ ወርዶ መሰላሉን ጨብጦ፣ እማዬ በዚህ ነይ አለ። ወይዘሮ ይርገዱ በባዶው ደርብ መካከል ብቻቸውን ቆሙ። ከግራ ደምለው ይጠራቸዋል፤ ከቀኝ ሽባባው ይጠራቸዋል፤ ከበረቱ ልጃቸው ታቃስታለች። ሁለቱም ልጆቻቸው መሰላል ይዘው ይጠብቋቸው ነበር፤ ከላይ ሆኖ እጃቸውን የሚይዝ ግን አልነበረም።

በረቱ የሚቀርበው በምሥራቅ በኩል ነው። ወደዚያ ሄዱ። በመስኮቱ ወገባቸውን አሾልከው እግራቸውን ለቀቁ፤ የመጀመሪያውን እርከን አገኙት፤ ቀጣዩን አገኙት፤ ከዚያ ጉልበታቸው ከዳቸው። ሽባባው መሰላሉን ልልቀቅ ወይስ እናቴን ልያዝ ሲል አመለጡት። ዳሌያቸው ድንጋይ ላይ አረፈ፤ ድምፁን ደምለው ከቤቱ ጀርባ ሰማው።

ሮጦ መጣ። መጀመሪያ ያለውም፣ «በእኔ በኩል ብትወርጂ ኖሮ…» ነው።

«ዝም በል» አሉት ወይዘሮ ይርገዱ። ፊታቸው አመድ መስሏል። «ሁለታችሁም ዝም በሉና ልጄ ጋ ውሰዱኝ።»

አንዱ ብብታቸውን፣ አንዱ እግራቸውን ይዘው አስገቧቸው። አትጠገብ አጠገብ ገለባ ላይ አስተኟቸው። እሷ በምጥ፣ እሳቸው በስብራት፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው አቃሰቱ፤ እመት ሰገዱ የትኛዋን እንደምትረዳ ግራ ገባት። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሴት ልጅ ተወለደች። ስሟን ማዘንጊያ አሏት። ደጅ የቆሙት ሴቶች እልል አሉ፤ የሁለቱም ወገን ሴቶች ነበሩ፤ በእልልታ ውስጥ ማን የማን እንደሆነ አይለይም።

ከዚያ በኋላ በአገሩ የሆነው ያው የአገሩ ሆነ። የፀሐይ ወገኖች፣ እናትየዋ በምሥራቅ ስለወጡ ቤቱ ምሥራቅ ብሏል አሉ። ደምለው ተከራከረ። የደጃፍ ሹሞች ጉባኤ ተቀመጠ፤ ብዙ ከመረመረም በኋላ «መውደቅ መውጣት አይደለም» ብሎ በየነ። በሩ እንደተደፈነ ቀረ። ወንድማማቾቹም አዲስ ጠብ አገኙ። ደምለው፣ እናቴን የጣላት እሱ ነው ይላል። ሽባባው፣ ከላይ ሆኖ ቢይዛት አትወድቅም ነበር፤ ጥሏት የወረደው እሱ ነው ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነበር። የመጀመሪያውን ጠብ ማለትም የምሥራቅና የምዕራቡን እያደር እየረሱት መጡ፤ ይሄኛው ግን በየቀኑ አዲስ ነበር።

አትጠገብ ስትጠና እናቷን ወደ ባሏ አገር ወሰደቻቸው። ቃሬዛውን ከተሸከሙት ሰዎች ሁለቱ ልጆቻቸው ነበሩ፤ ደምለው ከፊት፣ ሽባባው ከኋላ። ሸንተረሩን እስኪሻገሩ ድረስ አንድም ቃል አልተነፈሱም። ወይዘሮ ይርገዱ በጀርባቸው ተኝተው የታላቁን ልጃቸውን ማጅራት ያያሉ፤ የታናሹን ትንፋሽ ከራሳቸው በላይ ይሰማሉ። መንገዱ ባያልቅ ብለው ተመኙ።

ዳሌያቸው በትክክል አልገጠመም፤ ከዚያ ወዲህ በእግራቸው ሄደው አያውቁም። አትጠገብ ቤት፣ ከበሩ ራቅ ባለው መደብ ላይ ተቀምጠው ባቄላ ይለቅማሉ፣ ማዘንጊያን ያጫውታሉ። ልጆቻቸው እየመጡ ይጠይቋቸዋል፤ ሁለቱ በአንድ ቀን እንዳይገጣጠሙ ግን አትጠገብ በብልሃት ታለያያቸዋለች። አንዱ ሲመጣ ስለ ሌላው አይነሣም። አሮጌውን ቤት ሁለቱም ጥለውት ወጥተዋል፤ ደምለው በምዕራቡ፣ ሽባባው በምሥራቁ ጎን ጎጆ ቀልሰዋል። ቤቱ በመካከላቸው ጣራው እየዘመመ ቆሟል።

ዓመታት አለፉ። ገዥው ሞተ። አዲሱ ገዥ በተቀመጠ በሰሞኑ አዋጅ አስነገረ፤ የሰው በር ወዴት ቢያይ ለአገር ጉዳት እንደሌለው ተመርምሮ ተደርሶበታል፤ የቀድሞው አዋጅ ተሽሯል፤ የተደፈኑ በሮች ሁሉ በመንግሥት ወጪ ይከፈታሉ። ሰው ሰምቶ ወደ ሥራው ሄደ። የሚደሰተውም የሚያዝነውም ደክሞት ነበር።

አዛዥ ጥላዬ ሸምግሎ፣ ከስቶ፣ በዚያው ሥራው ሠልጥኖ ነበር፤ ድሮ በሚደፍንበት ሥልጣን አሁን ይከፍታል። ወራሾቹ ሁሉ መገኘት አለባቸው የሚል ደንብ ስለወጣ ደምለውና ሽባባው በአንድ ቀን አትጠገብ ቤት ተጠርተው መጡ። የሚቀመጡበት ሌላ ስላልነበረ በአንድ አግዳሚ ወንበር ዳርና ዳር ተቀመጡ። ደምለው ሸብቷል። ሽባባው የወለቀ ጥርሱን ለመሸፈን ሲናገር እጁን ወደ አፉ ያደርጋል፤ የቆየ ልማዱ ነው።

በአዲሱ ሥርዓት አንኳኪው ድምፅ ሳያሰማ ነው የሚያንኳኳው፤ ምስክሩም ዞሮ እንዲያይ ተፈቅዶለታል። አዛዡ ጎንበስ ብሎ፣ «እማማ፣ አሁን እርስዎም ይጠየቃሉ» አላቸው። «የአሮጌ ቤትዎን በር በየት በኩል እንክፈትልዎት? በደቡብም ቢሆን ይቻላል።»

ወይዘሮ ይርገዱ ባቄላቸውን ከመልቀም አላቋረጡም። «አዋጁ ተሻረ አላችሁ?» አሉ።

«ተሽሯል እማማ።»

«እንኳን ተሻረ። የእነዚህ ልጆች ቁስል ግን አልሻረም። ለእሱስ የምታነቡት አዋጅ አላችሁ?»

አዛዥ ጥላዬ ወደ ሰዎቹ ዞረ። ሰሚው መሬት መሬት አየ። «ለእሱ የተሰጠን ቃል የለም» አለ አዛዡ ቀስ ብሎ። ይህን ሲል ከልቡ ያፈረ ይመስል ነበር።

«እንግዲያው ቤቱን ተዉት። የማልሄድ ሴት ነኝ፤ በር ምን ያደርግልኛል? ድንጋዩን የፈለገ ይውሰደው።»

ሹማምንቱ እጅ ነሥተው ወጡ። ሁለቱ ልጆች ቀሩ። አትጠገብ ጠላ ቀዳችላቸው፤ ማዘንጊያም የተቆላ ባቄላ በሰፌድ አምጥታ በመካከላቸው አስቀመጠች። ከአንድ ሰፌድ ይዘግናሉ፤ አንዱ እጁን ሲሰድ ሌላው ይሰበስባል። ደምለው መሳል ጀመረ። ከጥልቅ የሚመጣ፣ ትከሻውን የሚያርገፈግፍ ሳል ነው። አፉን ጠርጎ ጠላውን ሳይጨርስ ተነሣ፤ የእናቱን ጉልበት ስሞ፣ እህቱን ተሰናብቶ፣ ማዘንጊያን ራሷን ዳሶ ወጣ። ወደ አግዳሚው አልዞረም።

ሽባባው ዋንጫውን መሬት አስቀመጠ።

«ጋሼን ሳሉ የያዘው መቼ ነው?» አለ።

አትጠገብ የያዘችው እንስራ ከእጇ ሊወድቅ ነበር። ወይዘሮ ይርገዱ አልደነገጡም፤ ወይም ለመደንገጥ ደክመዋል።

«እኔን አትጠይቀኝ» አሉ። «መልእክት ማመላለስ ትቻለሁ። ራሱን ጠይቀው።»

ሽባባው ተነሥቶ በሩ ላይ ቆመ። ደምለው በሜዳው መካከል፣ በትሩን ተመርኩዞ በዝግታ ይሄድ ነበር፤ ያልራቀ፣ ቢጣሩ የሚሰማ ነበር። ሽባባው አልተጣራም። እጁን መቃኑ ላይ አድርጎ ያያል። ቆመ፣ ቆመ። ብርሃኑን ስለጋረደባቸው ወይዘሮ ይርገዱ የሚለቅሙት ባቄላ ጥሩው ከመጥፎው አልለይ አላቸው።

«ልጄ» አሉት፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ። «በር ላይ አይቆምም። ወይ ግባ፣ ወይ ውጣ።»

ወጣ።

ከተቀመጡበት መደብ ወዴት እንደሄደ አይታይም። አትጠገብ በሩ አጠገብ ነበረች፤ እሷ ታያለች። ወይዘሮ ይርገዱ ግን አልጠየቋትም። ብርሃኑ ተመልሶ ጭናቸው ላይ ሲያርፍ፣ እፍኝ ባቄላ ወደ ራሳቸው ስበው መልቀማቸውን ቀጠሉ።